መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ደረጃው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከአዳማ ወጥተው በየትልልቁ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የገቡ ብዙ ልጆች የሚጠይቁት ነው፤ የተሰጠሽን ሁሉ በሰዓቱ እያስረከብሽ፣ ከአንቺ በኋላ የተቀጠረ ሰው ቀድሞሽ ሲኒየር (ከፍተኛ) የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆነ፤ «ከዚህ በላይ ምን ልሥራ? ወይስ ልልቀቅ?» አልሽ። እንዲህ ባለ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ እድገት በሚወሰንበት ስብሰባም ተቀምጫለሁ። መልሴ፣ ከዚህ በላይ አትሥሪ፤ ሌላ ሥራ ሥሪ ነው።

እኛ እድገት ሲባል የምናውቀው የወላጆቻችንን መሥሪያ ቤት ነው። ክፍት መደብ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፣ ያለፈው ሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ አዲሱን ሥራ ይጀምራል። እነዚህ ኩባንያዎች ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የላይኛውን ደረጃ ሥራ ለወራት ስትሠሪ ከታየሽ በኋላ ነው መጠሪያውና ደመወዙ የሚከተሉት። አገልግሎትሽን የሚቆጥርልሽ የለም።

ጎግል አዲስ ተመራቂ መሐንዲስን ደረጃ 3 ላይ፣ አማዞን ደረጃ 4 ላይ ይቀጥራሉ፤ ቁጥሩ ተለያየ እንጂ ሁለቱም የመጀመሪያው እርከን ናቸው። ከዚያ ወደሚቀጥለው የሚያሻግርሽ የተሰጠሽን ያለ ደጋፊ መጨረስ ነው፤ ይህን ችለሻል። ሲኒየር ለመሆን ግን ማንም ያልሰጠሽን ችግር ራስሽ ማግኘት፣ መፍትሔውን መንደፍ፣ ሌሎች ቡድኖችንም አሳምነሽ ማሠለፍ ይጠበቅብሻል። አሥር ትንንሽ ሥራ የጨረሰ ሰው አንድ እንዲህ ያለ ሥራ በያዘ ሰው ይቀደማል። ፍትሐዊ ነው አልልም።

እድገት የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ መልክሽን እንኳ አያውቁም፤ የሚያነቡት ወረቀት ነው። «የክፍያ ሲስተሙን አሻሻልሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ ዋጋ የለውም። ገጹ ለመከፈት 4 ሰከንድ ይወስድ ከነበረና አሁን 1 ከሆነ፣ ሌሊት ተረኛውን የሚቀሰቅሰው ብልሽት ከቀረ፣ ያን ጻፊ፤ ሐሳቡ የማን እንደነበረም ጻፊ። በየሳምንቱ እንጂ በግምገማው ዋዜማ አይሁን፤ ያኔ ግማሹ ተረስቷል። ጉራ መስሎሽ እንደምትሸማቀቂ አውቃለሁ፣ አስተዳደጋችን እንዲያ ነውና፤ ግን አንቺ ያልጻፍሽውን አለቃሽ ከየት አምጥቶ ይከራከርልሻል?

አለቃሽንም «ሥራዬ ጥሩ ነው ወይ?» አትበዪው። «ስሜ ዛሬ ለእድገት ቢቀርብ ምን ይጎድላታል ይባላል?» በዪው፤ የመለሰልሽንም በኢሜይል ጽፈሽ ላኪለት። አለቆች ይቀያየራሉ፤ የቀድሞው ሲሄድ በቃል የተባለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ለመልቀቅ ከመወሰንሽ በፊት የአክሲዮን ውልሽን፣ ማለትም ከደመወዝሽ ሌላ በየዓመቱ እየተከፈለ የሚደርስሽን የኩባንያውን ድርሻ የሚወስነውን ውል፣ አንብቢ። አማዞን ለረጅም ጊዜ በሠራበት አሠራር፣ ሲቀጠሩ ከሚሰጠው አክሲዮን በመጀመሪያው ዓመት የሚደርሰው 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ 40፣ 40 ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ተናዶ የወጣ ሰው 80 በመቶውን ትቶ ይወጣል። የአንቺ ኩባንያ ሌላ ስሌት ሊኖረው ይችላል። ወደ ሌላ ቡድን መዛወርም አለ፤ አሁን ያለሽበት ቡድን ሥራው ሁሉ ጥገና ከሆነ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ለፋሲካ አዳማ ስትመጪ የጻፍሽውን ይዘሽ ነይ፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና እየጠጣን አየዋለሁ፣ የሚሰረዘውንም እነግርሻለሁ።