ከቆሻሻው ክምር ሥር ያለው ውሃ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ከተማ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎችና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አጣምሬ ለአምስቱ መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በበጋ ክምሩ ደርቆ አቧራ ይነሳበታል። ታዲያ ፍሳሹ ከየት ይመጣል?

የሚደርቀው ላይ ላዩ ነው። ቆሻሻው ራሱ እርጥበት ይዞ ይመጣል፤ የክረምቱም ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ለወራት ቀስ እያለ ይወርዳል። ያገኘውን ሁሉ እያሟሟ ታች ሲደርስ ጠቆር ያለ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎች ሊቼት ይሉታል።

ጥያቄ፦ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ስለተነጠፈ አትስጉ ተብለናል። ይበቃል?

ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ በላዩም ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ፕላስቲክ ይጠይቃል። ፕላስቲኩ በድንጋይ ሊበሳ፣ ብየዳውም ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ሸክላው ያግዛል። እኔ ብሆን ግን ከፕላስቲኩ በፊት ፍሳሹን ስቦ ስለሚያወጣው ፓምፕ እጠይቅ ነበር። ፍሳሹ በቱቦ ተሰብስቦ ካልወጣ ከላይ ተጠራቅሞ በትንሿም ቀዳዳ ይገፋል። ያው ደንብ ከንጣፉ በላይ የሚጠራቀመው ፍሳሽ ከ30 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዘው ለዚህ ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ ከከረመ ንጣፉ አዲስ ቢሆንም አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ ከክምሩ በታች ካለው የክትትል ጉድጓድ (የከርሰ ምድሩ ውሃ ከሚመረመርበት) የተወሰደው ናሙና ክሎራይዱ፣ ማለትም በጨው ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ በሊትር 180 ሚሊ ግራም ነው። “ለመጠጥ ከሚፈቀደው በታች ነው” ብለው አሰናበቱን። ልተዋቸው?

አይተዉ፤ የላይኛውን ጉድጓድ ውጤት ይጠይቁ። ውሃው ወደ ክምሩ ከሚመጣበት በኩል ቢያንስ አንድ፣ ከሚሄድበት በኩል ደግሞ ቢያንስ ሁለት የመለኪያ ነጥቦች እንዲኖሩ የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዟል። ላይኛውም 180 ከሆነ ተፈጥሮው ነው። ላይኛው 20 ሆኖ ታችኛው 180 ከሆነ ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነው፤ ከመጠጥ ውሃ ገደብ በታች መሆኑ ይህን አይሰርዘውም።

ክሎራይድ አፈር ላይ ተጣብቆ አይቀርም፤ ከውሃው ጋር እኩል ይጓዛል። ስለዚህ ከብዙዎቹ ብረቶች ቀድሞ ይደርሳል። ያለፉትን ዓመታት ውጤቶች በአንድ ወረቀት ላይ ደርድረው ይዩ፤ 30፣ 70፣ 120፣ 180 እያለ ከወጣ ገደቡን እስኪያልፍ መጠበቅ ቂልነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ “ላይ” እና “ታች” የሚባለው በመሬቱ ተዳፋት ብቻ አይወሰንም። ቢያንስ በሦስት ጉድጓዶች የውሃው ከፍታ ተለክቶ ነው አቅጣጫው የሚታወቀው፤ አጠገቡ ትልቅ የውሃ ጉድጓድ መሳብ ከጀመረ ደግሞ ሊቀየር ይችላል።

ጥያቄ፦ ናሙና ወሳጁ ጠርሙሱን ከመሙላቱ በፊት ብዙ ውሃ ቀድቶ ሲያወጣ አየሁት። መጥፎውን እየደበቀ ነው?

ስሙን አያጥፉት፣ ትክክል ሠርቷል። የጉድጓዱ ቱቦ ውስጥ ቆሞ የከረመው ውሃ የከርሰ ምድሩን አይወክልም። የተለመደው ዘዴ በቱቦው ያለውን ውሃ ሦስት እጥፍ ማውጣት ነው፦ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ 6 ሜትር ውሃ ቢኖር 12 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ 36 ሊትር ይወጣል። የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) እና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መዋዠቁን ሲያቆም ይቀዳል። እርስዎ ይልቅ ጠርሙሶቹ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ መግባታቸውን፣ የጉድጓዱም ክዳን መቆለፉን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በክምሩ አቅራቢያ ያለውን የጉድጓድ ውሃ አፍልተን ብንጠጣውስ?

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬት፣ አርሰኒክና ብዙዎቹ ብረቶች ግን አይተንኑም፤ ውሃው በእንፋሎት በጎደለ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበረታሉ። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ከሌላ ምንጭ ቅዱ።