«ምክር ቤቱ ወስኗል» ተብሎ መታወቂያ ሲከለከል

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የነዋሪነት መታወቂያዬን ለማሳደስ ወረዳ ብሄድ «የአካባቢ ልማት መዋጮ 2,000 ብር ካልከፈሉ አይታደስም» አሉኝ። ማን እንደወሰነ ስጠይቅ «የወረዳው ምክር ቤት» ተባልኩ። ለዚህ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠሁት መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። አባላቱም በሙሉ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው ይባላል። ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤት የወሰነው ውድቅ ነው ብዬ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መክሰስ ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ግን አይክሰሱ። «ዘመኑ አልፏል» የሚለው ክርክር ቡና ላይ ያሸንፋል፣ መዝገብ ላይ ግን ይደክማል። መታወቂያዎን የከለከለዎት ምክር ቤቱ ሳይሆን መስኮቱ ጀርባ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሕጉ አጥብቆ የሚይዘውም እሱን ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ምክር ቤቱ የጠየቁትን ልመልስ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ድምፅ የሰጡበትን ቀን አለማስታወስዎ አይገርምም። በአዲስ አበባ የክፍለ ከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነበር። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያልቅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫውን አራዘመው፤ በ2011ም እንደገና አራዘመው። የከተማው ምክር ቤት ሥራውን እንዲቀጥል የተደረገው ደግሞ በከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ፣ በቻርተሩ፣ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1094/2010 ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፈው የመረጡት ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ የወረዳ ድምፅ መስጫ ወረቀት በዚያ ቀን አልነበረም።

የፓርቲውንም ነገር ያሉት መሠረት አለው። ግንቦት 1997 ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ነበር። ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረና ከተማዋ ከ1998 ጀምሮ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። በ2000 የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ወደ 300 ከፍ ብሎ ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የቻለው ገዢው ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎችም መሃል ላይ ወጡ። በ2005ም አብዛኞቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተወዳደሩም። በ2013 ብልጽግና የከተማውን 138 መቀመጫ በሙሉ ወሰደ። ስለዚህ የወረዳዎ ምክር ቤት የአንድ ቀለም መሆኑ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። በሕግ ዓይን ግን የአንድ ፓርቲ መሆን ብቻውን ውሳኔን አያፈርስም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ስብሰባ ውስጥ የሚቃወም ስለሌለ ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ከምትለው መስመር አያልፍም።

ዘመኑ ስላለፈ ውድቅ ነው ብለው ቢከራከሩ ምን ይከተላል? ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ይሆናል። ይህ ደግሞ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 84 መሠረት በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል አልፎ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይኸው ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫ ሲተላለፍ የፌዴራሉና የክልል ምክር ቤቶች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ወስኗል። ውሳኔው ስለ ወረዳ አይደለም፤ ነገር ግን «ምርጫ አልተደረገምና አካሉ ፈርሷል» የሚለውን አስተሳሰብ በጎ ዓይን እንዳላየው ግልጽ ነው። ለ2,000 ብር እና ለአንድ መታወቂያ ይህን ሁሉ ተራራ መውጣት አያስፈልግዎትም።

ጠንካራው ክርክር የሥልጣን ክርክር ነው። በተሻሻለው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ግብርና የአገልግሎት ክፍያ የሚጥለው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ እሱም በሕግ። የወረዳ ምክር ቤት ሥራ የአካባቢውን ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ አስፈጻሚውን መቆጣጠርና መጠየቅ ነው። በነዋሪ ላይ ግዴታ የሆነ ክፍያ መጣል ከዚያ ውስጥ የለም። መዋጮ በፈቃድ ይሰበሰባል፤ ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው ብዙ የሰፈር መንገዶች እንዲህ ነው የተሠሩት፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ዕድር የማይከፍል አባሉን መቅጣት የሚችለው አባሉ በፈቃዱ መዝገብ ላይ ስለተመዘገበ ነው። ወረዳ ግን ገብተው የሚወጡበት ማኅበር አይደለም። በፈቃድ የተባለ ክፍያ አገልግሎት መከልከያ ከሆነ በሌላ ስም የተጣለ ግብር ነው።

ሰው የሚያደናግረው ታሪኩ ነው። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌ የተቋቋመው የነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ስኳርና ዘይት ያከፋፍል ነበር፤ መታወቂያ ይሰጥ ነበር፤ ያስርም ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረው ልማድ «ቀበሌ ካለ አለ» የሚል ነው። ዛሬ ግን መታወቂያ መስጠት በሕግ የተደነገገ አገልግሎት ነው፤ የሚሰጠውም በከተማው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት መዋቅር በኩል ነው። የወረዳው ምክር ቤት መስፈርት ሊጨምርበት አይችልም።

መንገዴን ላቋርጥና ስለ ሰነድ አንድ ነገር ልናገር። አቤቱታዎ ላይ የድሮ ማስረጃ የሚያያይዙ ከሆነ አድራሻውን ይጠንቀቁ። በደርግ ጊዜ ከተማዋ 25 «ከፍተኛ» ነበራት። በኋላ ክልል 14 ስትሆን 28 «ወረዳ» ሆነ። በ1995 10 ክፍለ ከተሞች መጡ፣ ከሥራቸው ቀበሌዎች ነበሩ፤ እነሱም ወደ 99 ተጠቃለሉ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ በ116 ወረዳዎች ተተኩ፤ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ የ1990 ወረቀት ላይ ያለው «ወረዳ» ከዛሬው «ወረዳ» ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን ቀላቅለው ከጻፉ መዝገብ ቤቱ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ይመልስዎታል፤ ሁለት ሳምንት በከንቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ክልከላውን ወረቀት ላይ ያውጡት። በቃል የተከለከለ ሰው በኋላ «ማን ከለከለህ?» ይባላል። ማመልከቻውን ለወረዳው የመታወቂያ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይጻፉ፤ አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን መታወቂያዬን ለማሳደስ ቀርቤ መስፈርቱን አሟልቼ ሳለ መዋጮ አልከፈልክም በሚል ተከልክያለሁ። አገልግሎቱ እንዲሰጠኝ፣ የማይሰጠኝ ከሆነም ምክንያቱና የሕግ መሠረቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ባለሥልጣን ጠባይ አንድ ቃል አይጨምሩ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፈው ማኅተም ያስመቱ። አንቀበልም ካሉ ሳይጨቃጨቁ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩት፤ የላኩበት ደረሰኝ ማስረጃ ነው።

በተመሳሳይ ቀን ለወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሌላ ማመልከቻ ይጻፉ፤ መዋጮው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይሰጠኝ ብለው። በመረጃ ነፃነት ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 590/2000፣ መልስ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚገለጠው። አንዳንዴ ቃለ ጉባኤ የለም፤ ውሳኔው የዋና ሥራ አስፈጻሚው ደብዳቤ ነው። አንዳንዴ ቃለ ጉባኤው ይኖራል፣ የሚለው ግን «ነዋሪው በፈቃዱ እንዲያዋጣ ቅስቀሳ ይደረግ» ነው። ካገኙት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለስብሰባው የሚያስፈልገው የአባላት ቁጥር፣ መሟላቱን፣ አጀንዳው ቀድሞ መያዙን፣ «ግዴታ» የሚል ቃል መኖሩን። አንዳንዴም ከኋላው የነዋሪ ስብሰባ ፊርማ ይያያዛል። ስብሰባ ላይ አቴንዳንስ ብለው የፈረሙት ወረቀት በኋላ የስምምነት ፊርማ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ወደፊት ሲፈርሙ ከወረቀቱ አናት ምን እንደተጻፈ ያንብቡ፣ ባዶ ከሆነ ከስምዎ አጠገብ «ለመገኘት ብቻ» ብለው ይጻፉ።

ቃለ ጉባኤውን ማግኘት የሚያስፈልገው ለወሬ አይደለም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተፈጻሚ የሚሆነው በአስፈጻሚ አካላት ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ አስተዳደርንም ይጨምራል። የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚመረምረው እንባ ጠባቂ ተቋምም በምርጫ የተቋቋሙ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የወሰኑትን አይመረምርም። እንግዲህ «ምክር ቤቱ ወስኗል» የምትለው አባባል ለምን እንደምትወደድ ገባዎት? ጋሻ ናት። እርስዎ ግን የሚከሱት የምክር ቤቱን ውሳኔ ሳይሆን «መታወቂያ አላድስም» ያለውን አስፈጻሚ ነው። ጋሻዋ እሱን አትሸፍነውም።

መልስ ካላገኙ ወይም መልሱ ካላረካዎ በክፍለ ከተማው ደረጃ ላለው አገልግሎት ጽሕፈት ቤትና ለቅሬታ ሰሚው፣ ቀጥሎም ለዋናው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። ይህን መዝለል አይችሉም፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የውስጥ ቅሬታ መንገድ እንዲያልቅ ይጠይቃል፤ ብዙ መዝገብ የሚዘጋውም በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲከልስ ማመልከት ይቻላል። የማመልከቻው ጊዜ አጭር ስለሆነ የመጨረሻው ውሳኔ እጅዎ በገባ ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። እንባ ጠባቂ ዘንድ ግን በነፃ ማመልከት ይችላሉ፤ ለመታወቂያ ጉዳይ ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈጣን መፍትሔ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

መታወቂያው በአስቸኳይ ካስፈለገዎት፣ ለምሳሌ ባንክ ወይም ውክልና የሚጠብቅዎ ከሆነ፣ ከፍለው ማሳደስ ነውር የለውም። ግን እንዴት እንደሚከፍሉ ይወቁ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 የማይገባ ክፍያ የከፈለ ሰው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ግዴታ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ በፈቃዱ የከፈለን ሰው ይህን መብት ይነፍገዋል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «አገልግሎት እንዳይቋረጥብኝ ስል በተቃውሞ የምከፍል ነው» የሚል አንድ ገጽ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ያስገቡ። ሲከፍሉ የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 64፣ ይጠይቁ። በእጅ የተጻፈ ካርኒ ወይም የኮሚቴ ደረሰኝ ከሰጡዎት እምቢ አይበሉ፤ ይቀበሉት፣ ፎቶ ያንሱት፣ የሰጠዎትን ሰው ስምና የሥራ ድርሻ ከጀርባው ይጻፉበት። ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና እንዳልገባ የሚያሳየው ያ ካርኒ ነው፤ በሕግ ያልተፈቀደ ገንዘብ በመንግሥት ሥራ ስም መሰብሰብ ደግሞ የወንጀል ጉዳይ ስለሆነ፣ ካርኒው በእጅዎ መኖሩ ብቻ ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻዎን የሚያነብበትን መንገድ ይለውጣል።