የኮንቬየር ሮለር ለምን ቶሎ ይቆማል?

ጥያቄ፦ በጠጠር ማምረቻችን 800 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኮንቬየር ቤልት (ጠጠሩን የሚያጓጉዝ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ) አለ። በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደ በሰዓት 200 ቶን ያጓጉዛል፤ ቤልቱን ከሥር የሚሸከሙት ሮለሮች ሦስት ሦስት እየሆኑ ጎን ለጎን ተገጥመዋል፤ ከአንዱ ረድፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1.2 ሜትር ነው። ከሦስቱ የመካከለኞቹ ቶሎ ቶሎ መዞር ያቆማሉ። ዲያሜትራቸውን ከ89 ወደ 108 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጭነቱን እናስላ። በሰዓት 200 ቶን በዚህ ፍጥነት ሲሄድ በአንድ ሜትር ቤልት ላይ 28 ኪሎ ያህል ያርፋል። በ1.2 ሜትር 34 ኪሎ ይሆናል፤ ቤልቱ ራሱ በሜትር 10 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 46 ኪሎ ነው። እኩል ርዝመት ባላቸው ሦስት ሮለሮች ላይ ከጭነቱ ሁለት ሦስተኛውን ያህል የሚሸከመው የመካከለኛው ስለሆነ ድርሻው ከ30 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ይህ በሮለሩ ጫፎች ውስጥ ለሚገባው፣ 6204 የሚል የመጠን ቁጥር ላለው የተለመደ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ቀላል ሸክም ነው። ዲያሜትሩን ማሳደግ ዙሩን በደቂቃ ከ430 ወደ 354 ያወርደዋል፤ ወደ ኩሽኔታው የሚገባውን አቧራ ግን አያስቆመውም። በዚያ ላይ የመካከለኛውን ብቻ ከቀየራችሁ ከጎኖቹ በላይ ከፍ ብሎ ቤልቱን ያጎብጠዋል።

ስለዚህ የቆመውን አውርዳችሁ ጫፉን ክፈቱ። ግሪሱ ደርቆ ከአቧራ ጋር ከተቦካ ጥፋቱ አቧራ እንዳይገባ ጫፉን የሚዘጋው መከላከያ ነው፤ ዝግዛግ መተላለፊያ ያለውንና በግሪስ የተሞላውን ዓይነት ምረጡ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሮለር ጫፍ ማጠብም ይቅር፣ ብዙ ኩሽኔታ የሚበላው እሱ ነው። ግሪሱ ንጹሕ ሆኖ የኩሽኔታው ኳሶች የሚሽከረከሩበት መንገድ ከተላጠ ግን የድንጋይ ምት ነው። ይህ የሚታየው ጠጠሩ በሚወርድበት ቦታ ከሆነ እዚያ የጎማ ቀለበት ያላቸውን ሮለሮች ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ግጠሙ።

ለማዘዝ የቱቦውን ዲያሜትርና ርዝመት፣ የሻፍቱን ውፍረትና ጠቅላላ ርዝመት፣ እንዲሁም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ጠፍጣፋ ጫፍ ስፋት በካሊፐር ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ በ1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አይገባም፣ በጣም ካነሰ ሻፍቱ ራሱ እየዞረ ፍሬሙን ይቆርጣል።

የቆመ ሮለር ለነገ አይባልም። ቤልቱ እየፈገፈገ ቱቦውን ያሳሳዋል፣ የተበሳውም ጠርዝ እንደ ቢላ ቤልቱን ይተለትለዋል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማብሪያውን ሳትቆልፉ ግን እጃችሁን አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ቤልቱ በመመለሻው በኩል (ባዶውን ከሥር በሚመለስበት) ወደ ግራ ይሸሻል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የመመለሻ ሮለሮቹን ፈትሹ፤ በአንድ ጎን የተጋገረ ጭቃ ዲያሜትሩን ይለውጠዋል። ንጹሕ ከሆኑና ቤልቱ አሁንም የሚሸሽ ከሆነ፣ ሽሽቱ ከሚጀምርበት ትንሽ ቀደም ብሎ ያሉትን ሁለት ሦስት ሮለሮች በግራ ጫፋቸው በኩል በቤልቱ ጉዞ አቅጣጫ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግፉ። ቤልት ሮለሩን ቀድሞ ወደሚነካበት ጎን ይሄዳልና ወደ ቀኝ ይመለሳል። ጥቂት ዙር አስኪዳችሁ ሳታዩ ሌላ አትንኩ።