በኦካምል ፒፒኤክስ መጻፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ኦካምል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲንታክስ (የአጻጻፍ ሥርዓት) በፒፒኤክስ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፓይል ሲደረግ በሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስለማራዘም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛ፤ ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት መማሪያ ስለ ካምልፒ4፣ ስለ ድሮው የሲንታክስ ማራዘሚያ መሣሪያ ነው። ከእሱ ልጀምር?

ተወው ወንድሜ። ካምልፒ4 የቋንቋውን ሰዋስው ራሱን ይቀይር ነበር። አንዱ የጨመረው ምልክት ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ ኤዲተርም ኮዱን ማንበብ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦካምል 4.02 ሲወጣ ካምልፒ4 ከዋናው ስርጭት ተለየ። በዚያው እትም ቋንቋው ራሱ ለማራዘሚያ ቦታ ከፈተ፦ በካሬ ቅንፍ ውስጥ የፐርሰንት ምልክትና ስም። ፒፒኤክስ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ መማር ያለብህ ፒፒኤክስሊብ የሚባለውን ላይብረሪ ነው።

ጥያቄ፦ የማንኛውንም ቫሪያብል ይዘት የሚያትም ማራዘሚያ ልጽፍ ብዬ አቃተኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋሽም፣ በዚህ መንገድ አይሆንም። ኮምፓይለሩ መጀመሪያ ኮዱን አንብቦ የኮዱን መዋቅር የሚያሳይ ዛፍ ይሠራል። ፒፒኤክስ ዛፉን ተቀብሎ ሌላ ዛፍ ይመልሳል። ታይፕ (የዳታው ዓይነት) የሚመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንቺ ማራዘሚያ ስሙን ያያል እንጂ ቁጥር ይሁን ዝርዝር አያውቅም። ይዘት የሚያትም ኮድ የሚያወጣው «ዲራይቪንግ ሾው» የሚሠራው የታይፑ ትርጉም ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ ቅርጹ እዚያው ተጽፎለታል።

ጥያቄ፦ አንድ ስሌት የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ማራዘሚያ ጻፍኩ። አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ የታይፕ ስህተት ይሰጠኛል።

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፤ እኔም የተማርኩት በዚሁ ነው። ኮድህን አየሁት። መነሻ ሰዓቱን «ቲ» በሚል ስም ትይዛለህ፣ ከዚያ ሥር የተጠቃሚውን ስሌት ታስገባለህ፣ በመጨረሻ ትቀንሳለህ። ተጠቃሚውም «ቲ» የሚባል የራሱ ቫሪያብል ቢኖረውስ? ያንተ «ቲ» ይሸፍነዋል። የሱ ዝርዝር ከሆነ ኮምፓይለሩ ይጮኻል፤ ይሄ ደህናው ነው። የሱም እንዳንተ ነጠብጣብ ያለው ቁጥር ከሆነ ግን ማንም ሳይናገር የተሳሳተ ውጤት ይወጣል። ፒፒኤክስ ስኪም እንደተባለው ቋንቋ ማክሮ (ኮድ አውጪ) ከስም ግጭት አይጠብቅህም።

አዲስ ስም የሚፈጥርልህ ፋንክሽን ፒፒኤክስሊብ ውስጥ አለ። እኔ ግን ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። ሰዓት የሚለካውን ሥራ በሙሉ ተራ ፋንክሽን አድርገህ በተለየ ሞጁል ጻፈው። ማራዘሚያው የተጠቃሚውን ስሌት ባዶ ግብዓት ባለው ፋንክሽን ጠቅልሎ ለዚያ ብቻ ያቀብል። ያኔ ካንተ «ቲ» ሥር የሚገባ የሱ ኮድ የለም። ፋንክሽኑንም ያለ ፒፒኤክስ ለብቻው ትፈትነዋለህ። ማራዘሚያ ቀጭን ሲሆን ነው የሚያምረው።

ጥያቄ፦ የስህተት መልእክቱ ሁልጊዜ መስመር 1 ይለኛል።

ለምትሠራው ዛፍ ሎኬሽን (ኮዱ በፋይሉ ውስጥ ያለበትን ቦታ) አልሰጠኸውም፣ ወይም ባዶውን ሰጥተኸዋል። ከተጠቃሚው ኮድ የመጣውን ሎኬሽን አሳልፍለት። ይህን ችላ አትበሉ፤ ሌላ ሰው ስህተቱን የሚያገኘው በዚህ ብቻ ነው። የወጣውን ኮድ ለማየት በዱን፣ በኦካምል ፕሮጀክት መገንቢያው መሣሪያ፣ «ዱን ዲስክራይብ ፒፒ» ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡት።

ጥያቄ፦ ለሞናድ (ስሌቶችን በተከታታይ ለሚያያይዝ ዘዴ) ጥሩ አጻጻፍ ፈልጌ ነበር።

ፒፒኤክስ ላያስፈልግህ ይችላል። ከ4.08 ጀምሮ «ሌት» ላይ ኮከብ ጨምረህ ራስህ ትርጉም ትሰጠዋለህ።

ጥያቄ፦ በፒፒኤክስ «ከሆነ»፣ «አለበለዚያ» እያልን በአማርኛ ኮድ መጻፍ እንችላለን?

በቀጥታ አይቻልም። ፊደሎቻችን እንደ ስም ወይም ቁልፍ ቃል ስለማይታወቁ ኮምፓይለሩ ገና ሲያነብ ይጥላቸዋል፤ ፒፒኤክስ ጋ አይደርሱም። ጽሑፍ ውስጥ ግን ይፈቀዳሉ። ከ4.11 ወዲህ ደግሞ ጠምዛዛ ቅንፍ ከፍታችሁ፣ ፐርሰንትና የማራዘሚያውን ስም በላቲን ጽፋችሁ፣ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል የፈለጋችሁትን ጽሑፍ ማስገባት ትችላላችሁ። እዚያ ውስጥ «ዋጋ ከ100 በላይ ከሆነ» ብሎ የሚጻፍ ትንሽ ቋንቋ መሥራት ይቻላል። ጽሑፉን አንብቦ የሚተነትነውን ፓርሰር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ስትጽፉ ይሄን አስታውሱ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ) 3 ባይት ነው፣ ሎኬሽን ደግሞ የሚቆጠረው በባይት ነው። ስህተቱ ያለበትን ቦታ በፊደል ቆጥራችሁ ሎኬሽን ካደረጋችሁ ቀስቱ ሌላ ቃል ላይ ያርፋል። የጀመራችሁት ካለ ላኩልኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።