«ዋርሳዬ ቤታችንን ሊሸጥ ነው፤ ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ነው»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ባለቤቴ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነው። ከተጋባን 11 ዓመት ሆኖናል። የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ግዳጅ ላይ ከወጣ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። በመሃል አንድ ጊዜ ለፈቃድ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ሲሄድ ለታላቅ ወንድሙ ውክልና ሰጥቶታል። ደመወዙን የሚቀበለውም እሱ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጠናል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። አሁን ደግሞ ቤታችንን ለመሸጥ ደላላ እያመጣ ነው። «ወንድሜ ነው ያዘዘኝ» ይላል። ባለፈው ጉዳይ አለ ብሎኝ አብሬው ሄጄ ፈርሜያለሁ። የሰፈር ሰው ደግሞ «ሁለት ዓመት ካለፈ ጋብቻው ፈርሷል» ይለኛል። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ ስለ ቤቱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ጉዳይ አለ ብሎኝ አብሬው ሄጄ ፈርሜያለሁ» ብለው ያለፉት። የት ሄደው? ምን ላይ ፈረሙ? ወረቀቱን አነበቡት? ግልባጩስ በእጅዎ ነው? አንዱንም አልነገሩኝም። የቤቱ ዕጣ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

ወደዚያ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ቀላሉን ልጨርስ።

ጋብቻዎ አልፈረሰም። ባል ግዳጅ ላይ በመቆየቱ ብቻ፣ ሁለትም ይሁን አምስት ዓመት፣ ጋብቻ በራሱ ጊዜ አይፈርስም። ሰፈሩ የሚያወራው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ያለውን የመጥፋት ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ ምንም ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈ፣ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ «መጥፋቱ ይታወቅልኝ» ማለት ይችላል። ያኔም ቢሆን ፍርድ ያስፈልጋል። ባለቤትዎ ደግሞ ወንድማቸውን «አዘውታል» ከተባለ ወሬያቸው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ ይተዉት።

ቤቱን በተመለከተ፦ ከጋብቻ በኋላ ያፈራችሁት ከሆነ የጋራ ነው። ካርታው በባለቤትዎ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የመጣ ከሆነ ግን መልሱ ይለያል፤ ይህንንም አልነገሩኝም። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥ አይችልም። ባል ራሳቸው መጥተው ቢሸጡ እንኳ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወኪል ደግሞ ከወካዩ የበለጠ ሥልጣን የለውም። ዋርሳዎ በባለቤትዎ ውክልና ብቻ ቤቱን ሊሸጡት አይችሉም ማለት ነው።

ታዲያ ደላላ የሚያመጡት በምን ተማምነው ነው? እኔን ያጠራጠረኝ ይህ ነው። ሻጭ ነኝ የሚል ሰው ውልና ማስረጃ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጋብቻ ነው። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ቀርቦ ይፈርማል፣ ካልቀረበም ውክልናው ይቀርባል። ዋርሳዎ የጎደላቸው ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፦ የእርስዎ። «ጉዳይ አለ» ብለው የወሰዱዎት ለዚያ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ወረቀቱን አላየሁትም። ግን ይህን ታሪክ ስሙና ሰፈሩ እየተቀየረ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ባል ግዳጅ ይሄዳል። ወንድም ወይም አባት ቤቱን ይይዛል። ሚስት አምናና አክብራ የተባለችውን ትፈርማለች። አንዳንዷ «የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም» ተብላ ነው የፈረመችው። ሌላዋ «ደመወዙ እንዳይቆም» ተብላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎት። ዋርሳን ማክበር ሌላ፣ ያላነበቡት ወረቀት ላይ መፈረም ሌላ። «አማቴ ቅር ይላታል፣ ዘመድ ምን ይለኛል» ብለው እንደፈረሙ ይገባኛል። ባል በሌለበት የባልን ቤተሰብ ማስቀየም ለሴት ልጅ ከባድ ነው። ሕጉ ግን ይሉኝታን አያውቅም። ሰነዱ በሹም ፊት ተነቦ፣ ገብቶኛል ብለው ፈርመው ከሆነ፣ በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ማለት አያስቸግርም አይባልም። ተታልያለሁ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ሸክም ይሆናል።

ስለ ውክልና የሚሳሳቱት ብዙ ስለሆኑ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው።

ውክልና ሁለት ዓይነት ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚባለው ወኪሉ ንብረቱን እንዲያስተዳድር ብቻ ነው የሚፈቅድለት። ኪራይ ይሰበስባል፣ ሌላ ሰው ያለበትን ዕዳ ይቀበላል፣ ቤቱ ሲያፈስ ያስጠግናል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ ለመከራከር ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው «ሙሉ ውክልና አለኝ» ሲባል ይደነግጣል። «ሙሉ» የሚለው ርዕስ ብቻውን ዋጋ የለውም። የሚታየው ከሥር ያለው ዝርዝር ነው። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉት ቃላት አሉበት ወይስ የሉበትም? የባለቤትዎን ውክልና ሲያዩ ዓይንዎን የሚያሳርፉት እዚያ መስመር ላይ ነው። እርስዎ የፈረሙበትን ሲያዩም እንዲሁ።

ደላላና ገዢ ሲመጡ «ውክልናው አለ» ተብሎ ወረቀቱ ከሩቅ ይታይና ይታጠፋል። እንዲህ ሲሆን «ይነበብልኝ» ይበሉ። ነውር የለበትም።

ወኪል የሠራውንና የተቀበለውን ገንዘብ ለወካዩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያለፉትን ዓመታት ደመወዝ የተቀበሉት ዋርሳዎ ለባለቤትዎ ሒሳብ አቅርበዋል? ባለቤትዎ በየወሩ ብሩ ለቤቱ ይደርሳል ብለው እያሰቡ ከሆነ፣ ዝምታዎ ለዋርሳዎ መሸፈኛ ሆኗል ማለት ነው።

ደግሞም ውክልና የማይነቀል ነገር አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። እርስዎ ለዋርሳዎ ውክልና ሰጥተው ከሆነ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ መሻር ይችላሉ። መታወቂያዎን ይዘው ውክልናው ወደተሰጠበት ቢሮ ይሂዱ። የሰነዱን ግልባጭ ይጠይቁ። ውክልና ከሆነ የዚያኑ ዕለት የመሻሪያ ሰነድ ይፈርሙ። መሻሩን ለዋርሳዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ግልባጩን ለመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ባንክ ውስጥ ተጠቅመውበት ከሆነም ለባንኩ ያስገቡ። ባስገቡበት ሁሉ በእጅዎ የሚቀረው ግልባጭ ላይ ማህተምና የመዝገብ ቁጥር ያስመቱ። «ደብዳቤ አስገብቻለሁ» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ቀኑና ቁጥሩ የሌለበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው። መሻሩን ያላወቀ ገዢ በቅን ልቦና ከወኪሉ ጋር ቢዋዋል ጣጣው ይበዛልና አይዘግዩ።

የባለቤትዎን ውክልና ግን እርስዎ መሻር አይችሉም። መሻር የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ ወደ ሁለተኛው ያልነገሩኝ ነገር ይወስደኛል።

«ወንድሜ ነው ያዘዘኝ ይላል» ብለዋል። ባለቤትዎ ራሳቸው ምን አሉ? በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ጊዜ «ጠየቅኩት» የሚል ቃል የለም። ስልክ ይደውላሉ? ከደወሉስ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው? ዋርሳዎ በሚሉትና ባለቤትዎ በሚያውቁት መካከል ትልቅ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የባለቤትዎን ቃል በቀጥታ ሳይሰሙ ክስ ቢመሠርቱ፣ ከወንድማቸው ጋር ያለዎትን ጠብ ከባልዎ ጋር ያደርጉታል። ስልኩ አልሠራ ካለ፣ ያሉበትን ክፍል ስምና አድራሻ ያግኙ፤ በደብዳቤም ቢሆን ቃላቸውን ይጠይቁ። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ከሆነም መጥሪያው የሚደርሳቸው በዚያው አድራሻ ነው።

ሦስተኛው ያልነገሩኝ ነገር ፈቃድ ላይ መጥተው የሆነው ነው። «ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ» ብለው አለፉት። ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ አላስገድድዎትም። ግን የወታደር ቤተሰብ ጉዳይ ይዤ ያየሁትን ልንገርዎ። ሰውየው ይመጣል፤ ሌሊት አይተኛም። በር ሲዘጋ ይደነግጣል። ሲሄድ ያቀፋት ሕፃን አድጋ ስትጠብቀው፣ አላውቅህም ብላ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች። ወንዱ ልጅ ደግሞ አባቱ ሲያዘው «እማዬን ልጠይቃት» ይላል። ሚስት ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱን ብቻዋን አስተዳድራለች፤ ባል ደግሞ ትቶት የሄደውን ቤት ነው የሚፈልገው። አይገናኙም። በ15 ቀን ፈቃድ የማይፈታ ነገር ይነሳል፤ ሁለቱም ተቀያይመው ይለያያሉ። ከዚያ ወንድሙ ለእያንዳንዳቸው ወሬ ያመላልሳል።

እንዲህ ከሆነ የነገሩ መፍቻ መጀመሪያ ሕግ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ባለቤትዎ ሲመለሱ ይሂዱ። እርስዎም አሁን፣ ልጁም ካስፈለገ፣ መሄድ ትችላላችሁ። ወታደር ስለሆነ፣ ወይም የወታደር ሚስት ስለሆኑ «አልቻልኩም» ማለት ነውር አይደለም። ተመትተው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሚስትን መደብደብ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ የለበሰው ዩኒፎርም አያድነውም። የሕክምና ማስረጃ ካለዎት ይጠብቁት፣ ለጠበቃዎም አይደብቁ።

የቤቱን ሽያጭ ለማስቆም ብለው ፍቺ አይጠይቁ። ይህን የምለው ብዙዎች በንዴት ስለሚያደርጉት ነው። ፍቺ የሚጠየቀው ትዳሩ በቃኝ ሲባል ነው። ሽያጩ እንዳይፈጸም ግን የጋራ ባለቤትነትዎን ገልጸው ፍርድ ቤት እግድ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል። ንብረቱ ሊሸጥ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ደላላው የመጣበትን ቀንና ቤቱን ሲያዩ የነበሩ ጎረቤቶችን ስም ይጻፉ። የተላከልዎት የስልክ መልዕክት ካለም አያጥፉት።

ቀለቡን በተመለከተ፣ ባልና ሚስት መደጋገፍ፣ ወላጅም ልጁን ማሳደግ ግዴታቸው ነው። ባለቤትዎ በፈቃዳቸው ካላስተካከሉ ፍርድ ቤት ቀለብ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላሉ። «ይጠራቀምልኝና በኋላ እጠይቃለሁ» አይበሉ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለመሠረታዊ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ ይቀራል። ጅማ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራበት ከተማ ስለሆነ ጠበቃዎ የክልሉን አንቀጽ ያመሳክርልዎ። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማመልከቻው በዚያው ይጻፋል፣ የአማርኛ ሰነድዎም ተተርጉሞ ይቀርባል። ለዚህ የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ያስቡበት። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ይሂዱ።

ከመሄድዎ በፊት ወረቀትዎን ያሰባስቡ። የጋብቻ ማስረጃ አለዎት? የተጋባችሁት በሽምግልና ወይም በኒካህ ብቻ ከሆነና ካልተመዘገበ፣ በሠርጉ የነበሩ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ስማቸውንና ስልካቸውን ይያዙ። ጋብቻው አለመመዝገቡ ጋብቻ የለም አያሰኝም፤ ማስረዳቱን ግን ያከብደዋል። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ቤቱ ሲሠራ የከፈላችሁበት ማንኛውም ወረቀት ያስፈልጋል። ዋናዎቹ ዋርሳዎ ቤት ከሆኑ ከየቢሮው ግልባጭ ይጠይቁ። እነዚህ ወረቀቶች ለቤቱ ክርክር ብቻ አይደሉም። እግዜር አያድርገውና ባለቤትዎ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፣ የጡረታና የውርስ መብት የሚጠየቀውም በእነሱ ነው። ውክልናም ወካዩ ሲሞት ይቀራልና፣ ያኔ «ውክልና አለኝ» የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት።

የመጨረሻው ነገር። ቤቱ ከወዲሁ ተሸጦ ቢያገኙትስ? ያለ እርስዎ ስምምነት የተደረገ ከሆነ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። በፌዴራሉ ሕግ ሽያጩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ባያውቁትም ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት አያልፍም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ውልና ማስረጃ ሄደው የፈረሙትን ወረቀት ግልባጭ ያውጡ። በዚያው ሳምንት መሬት አስተዳደር ገብተው በካርታው ላይ የስም ዝውውር መጠየቁን ያጣሩ። ሁለቱን ይዘው ጠበቃ ፊት ይቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ማንም፣ አማትዎም ቢሆኑ፣ የሚያመጣልዎት ወረቀት ላይ አይፈርሙ።