መልስ፦ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ቫልቭ ሞላ ሲሰበር

የትራክተሬ ሃይድሮሊክ ፓምፕ (ዘይት ገፍቶ ማረሻውን የሚያነሳው) የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሞላ (ስፕሪንግ) ተሰብሯል፣ በፋንታው የሌላ ቫልቭ ሞላ ቆርጬ ልግጠም ወይ ላልከው፣ አትግጠም። ሞላው ካጠረ ቫልቩ ግፊቱ ሳይሞላ ይከፈታል፤ ትራክተርህ ማረሻውን አሁንም አያነሳም። በፓምፑ ሞዴል ቁጥር ዋናውን ፈልግ። ጎንደር ካጣኸው ከአዲስ አበባ አስልክ።

ከመፍታትህ በፊት ማረሻውን መሬት አሳርፍ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ማንሻውን ወዲያ ወዲህ አድርገህ ግፊቱን አስተንፍስ። የማስተካከያው ብሎን ስንት ዙር እንደወጣ ቁጠር። ስትመልሰው ግን በቁጥሩ ብቻ ሳትተማመን አላልተህ ጀምርና የግፊት መለኪያውን (ጌጅ) እያየህ ቀስ በቀስ አጥብቅ። ኦሪንጉንም (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) አብረህ ቀይር፤ ለሱ አይሰሰትም።

ስብርባሪውን ሳትጥል ገጣጥመህ እይ። እኔ አዘዞ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጎድላ «ምን ታመጣለች» ብዬ ዘጋሁት። በሳምንቱ ፓምፑን ውስጥ ውስጡን ፍቃ ጨረሰችው።