ሪዝ ለሌለው ሰው የተሠራ ሪዝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የቆዩ የምስጢር ጀብዱ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር እንጫወታለን። እሱ ገብርኤል ናይትን የሚተካከል ገጸ ባሕርይ የለም ባይ ነው። እኔ የ«ብሮክን ሶርድ»ን ጆርጅ ስቶባርትን አስበልጣለሁ፤ ጆርጅ ጨዋ ነው፣ ገብርኤል ግን ዋሾና ሴት አሳዳጅ። እባክዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ ለወንድምሽ ፈርጃለሁ። ያስፈረደብሽም የራስሽ ምስክርነት ነው። ጨዋነት ለጎረቤት ይጠቅማል እንጂ ለገጸ ባሕርይ መለኪያ አይሆንም። እኔ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ጀግና የምመዝነው በሚናገረው ሳይሆን በእኔ እጅ በሚያሠራው ሥራ ነው።

ገብርኤል የሚገኝበትን የመጀመሪያውን ጨዋታ እንይ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ደራሲዋ ጄን ጄንሰን ናት። ገብርኤል በኒው ኦርሊንስ ገበያ የራቀው የመጻሕፍት መደብር አለው፤ የጻፋቸው ልብ ወለዶችም ስም አላስገኙለትም። የቩዱ ግድያዎችን ሲከታተል እንግዳ ከማታስገባ አንዲት አሮጊት ደጅ ይደርሳል። ምን ያደርጋል? ከካቴድራሉ የቄስ ልብስ ይሰርቃል፣ ያልተበጠረ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛል፣ ቄስ መስሎ ያንኳኳል። ልብ በዪ፤ ልብሱን ያነሣሽው አንቺ ነሽ። ቅባቱን ፈልገሽ ያገኘሽውም፣ በሩ ሲከፈት ደስ ያለሽም አንቺ ነሽ። ማንም «ይህ ሰው አታላይ ነው» ብሎ ሳይነግርሽ አታላይነቱን በገዛ እጅሽ ፈጸምሽው። ሴት አሳዳጅነቱንም ጨዋታው በዝምታ አያልፈውም፤ የመደብሩ ረዳት ግሬስ ናኪሙራ በነገር እየወጋች ልኩን ታሳየዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ የሁለቱ ንትርክ ከግድያዎቹ ይልቅ ወደ ጨዋታው ይመልሰኛል።

ወንድምሽ ግን እንዳይኩራራ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ጨዋታ ያው ገብርኤል ጓደኛውን ሞዝሊን መስሎ ሞተር ብስክሌት ሊከራይ ይነሣል። በአንድ የበር ቀዳዳ ላይ ተለጣፊ ፕላስተር ያደርጋል፤ ድመት በውኃ ያባርራል፤ ድመቷ በቀዳዳው ስትሾልክ ጸጉሯ ፕላስተሩ ላይ ይቀራል። ያንን ጸጉር በሽሮፕ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ አጣብቆ ሪዝ ያበጃል። እሺ፤ ሞዝሊ ግን ሪዝ የለውም! ስለዚህ የሞዝሊን ፓስፖርት ሰርቆ ፎቶግራፉ ላይ ሪዝ ይሥልበታል። ፓስፖርት መስረቁ ገብርኤልን ይመስላል። ድመቷ ግን የማን ሐሳብ ናት? ያ ምላሰ ቅቤ ሰው አከራዩን በሁለት ውሸት ባሳመነው ነበር። ጨዋታው እንቅፋት ፈለገ፣ ድመት አገኘ፤ «ይህ ሰው ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ጨዋታውን የሚወዱት ሳይቀሩ እስከ ዛሬ በዚህ ሪዝ ይሳለቃሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ለጆርጅም የሚገባውን ልስጠው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ብሮክን ሶርድ» ታሪኩ ሲጀምር ፓሪስ ውስጥ አንድ ካፌ ይፈነዳል፤ ቦምቡን ያኖረው የሰርከስ ቀልደኛ የለበሰ ሰው ነው። ጆርጅ የቀልደኛውን ቀይ አፍንጫ ኪሱ ውስጥ ይዞ ለፖሊሱም ለመንገደኛውም ሊያሳይ ይችላል፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ጨዋነቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚያወጋው ስለማያስፈራ ነው። ይህን ብለሽ ብትከራከሪ ኖሮ ፍርዱ ባስቸገረኝ ነበር። የሚጎድለው ነገር ቢኖር ጆርጅ በመጨረሻው ትዕይንትም ያው በመጀመሪያው የምናውቀው ጆርጅ መሆኑ ነው። በአየርላንዱ ፍርስራሽ እየወጋች መንገድ ስለምትዘጋው ፍየል ደግሞ ባንነጋገር ይሻላል። እስከዚያ ድረስ እያሰብሽ የመጣሽውን ልጅ፣ ጨዋታው ሳያስጠነቅቅ «እንደተመታሽ ቶሎ ሩጪ» ይልሻል።

ጥያቄ፦ «ዘ ኮሎኔልስ ቢኩዌስት» የተባለውን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተጫወትሁ፤ ማን ለምን እንደ ገደለ ግን በቅጡ አልገባኝም። ጨዋታው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ይህ የሮቤርታ ዊሊያምስ ጨዋታ (እ.ኤ.አ. 1989) ሌሎቹ የማይደፍሩትን አድርጓል፤ ታሪኩ ለእርስዎ ሲል አይቆምም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1925 ነው፤ ተማሪዋ ላውራ ቦው ረግረግ በከበበው አሮጌ ቤት አንድ ሌሊት ታድራለች። ሰዓቱ ሩብ ሩብ እያለ የሚገፋው እርስዎ አንዳንድ ነገሮችን ሲያዩ ነው። ሁለት ዘመዳሞች ሲንሾካሾኩ በር ከፍተው ከገቡባቸው ጸጥ ይላሉ። በግድግዳው ውስጥ ባለው ስውር መተላለፊያ ሄደው በተሰቀለው ሥዕል ዓይኖች ቢያጮልቁ ግን ሁሉን ይሰማሉ። ያላጮለቀ ሰው ሬሳ እየቆጠረ ያድራል። በመጨረሻም ጨዋታው አንዲት ውሳኔ ብቻ ይጠይቅዎታል፤ በግምት ሊያልፏት ይችላሉ፤ ከዚያ ምን ያህል መርማሪ እንደ ነበሩ ደረጃ ይሰጥዎታል። የእርስዎን አልጠይቅም።

ቅሬታዬ በዚያች ውሳኔ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጨዋታ ኩባንያው ኢንፎኮም ያወጣው «ዴድላይን» ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነበር። አንድ ሞት መርምረው እንዲጨርሱ የተሰጠዎት ጊዜ 12 ሰዓት ነው። ሰው አስረው ማስረጃዎ ካነሰ ተጠርጣሪው ነጻ ይወጣል። እዚያ ግምት አያዋጣም። የላውራን ቤትና የ«ዴድላይን»ን ፍርድ ቤት አንድ ላይ ያደረገ ጨዋታ ቢኖር ሌላ ባልፈለግሁ ነበር። በጣም የቀረበው እ.ኤ.አ. የ1997ቱ «ዘ ላስት ኤክስፕረስ» ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1914 ከፓሪስ ወደ ቁስጥንጥንያ በሚሄድ ባቡር ላይ መንገደኞቹ እርስዎ ኖሩም አልኖሩም ይበላሉ፣ ይዶልታሉ፣ ይጣላሉ። ሬሳ የተጋደመበት ክፍል ውስጥ ገብተው ይጀምራሉ፤ ካልደበቁት ደግሞ ጉዞው ብዙ አይዘልቅም። የጨዋታው ፈጣሪ ጆርዳን ሜክነር ሰዓቱን ወደ ኋላ የመመለስ መብት ሰጥቶናል፤ ይጠቀሙበት፣ አያፍሩ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው «ብሌድ ረነር» ጨዋታ ማን ሰው፣ ማን ሰው ሠራሽ እንደሆነ በየጊዜው ይለዋወጣል። ይህ ታሪክ ማበላሸት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሚለዋወጠው የአንዳንዶቹ ብቻ ነው፤ ዋናው ታሪክ እንዳለ ነው። የጠረጠሩት ሰው ትናንት ንጹሕ ስለነበረ ዛሬም ንጹሕ ነው ማለት ስለማይችሉ ከልብዎ መመርመር ይገደዳሉ። ጓደኛዎ ሲከራከርዎት ደግሞ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ለክርክር ወዳድ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም።

ጥያቄ፦ «ብሮክን ሶርድ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጫወት ነው። የ1996ቱን ወይስ በ2009 የታደሰውን?

መልስ፦ የ1996ቱን። በታደሰው ላይ ጋዜጠኛዋ ኒኮ ኮላርድ የራሷ ትዕይንቶች ተጨምረውላታል፤ ተጫዋቹ የሚመራት ገጸ ባሕርይ መሆንም ይገባታል። ችግሩ ጨዋታው በእርሷ መጀመሩ ነው። የካፌው ፍንዳታ ሲመጣ ተጫዋቹ አስቀድሞ አንድ ግድያ አይቷል፤ ጆርጅም የማያውቀውን ነገር አውቀው ይጠብቁታል። ከእርሱ ጋር አብረው መደንገጥ አለብዎት። ስለዚህ አሮጌውን ይጨርሱ፣ ከዚያ ለኒኮ ሲሉ አዲሱን ይክፈቱ። ፍየሏም በአዲሱ ላይ ለዝባለች።